የኛ ሰው ደም

ለንደን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ ጋወን ለብሼ ሠርቻለሁ፤ ዶክተር ግን ሆኜ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቶተንሃም ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ «ዶክተር ሙሉጌታ» የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው። እኔ የደም ላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ሐኪም ደም አስቀድቶ ሲልክ ያቺን ሐምራዊ ክዳን ያላትን ቲዩብ ተቀብዬ፣ መርምሬ፣ ውጤቱን መልሼ እልክ ነበር። እኔ በሽተኛውን አላየው፣ በሽተኛው እኔን አያየኝ። ለዓይን አፋር ሰው የተመቸ ሥራ ነው። እኔ ዓይን አፋር አልነበርኩም፤ ጣጣዬም የመጣው ከዚያው ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ጡረታ ለወጣ ሰው ሰዓት ምን እንደሚያደርግለት እነሱ ይወቁ። ከመሳቢያዬ ራሴ አውጥቼ ወደ ቤት ያመጣሁት ግን አጋማሹ ያለቀ የወረቀት ፕላስተር ጥቅልል ነው፤ ነርሶች ቁስል ላይ ፋሻ የሚያጣብቁበት ዓይነት። ልጄ ዕቃ ስታስተካክል «አባዬ፣ ይሄ ቢን ይግባ?» ብላ ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ብታነሣው ጮኽኩባት። ደነገጠች። ያን ዕለት ላስረዳት ብሞክር አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጋምቤላ ነው፤ የወባ አገር። ማይክሮስኮፓችን መብራት አልነበረውም፤ ከሥሩ ባለች ትንሽ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየለቀምን ነበር የምናየው። ደመና ሲመጣ ምርመራው ይቆማል። በር ላይ ወጥቼ ሰማዩን እያየሁ ለተሰለፈው ሰው «ትንሽ ታገሡ» እላለሁ፤ ሰዉም አብሮኝ ሰማይ ያያል። ዓይኔን ያሠለጠነችው ያቺ መስተዋት ናት፤ በኋላ ለንደን ያገኘሁት ውድ ማሽን አይደለም።

ለንደን ስገባ ወረቀቴን የሚያነብልኝ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሂትሮው ኤርፖርት አውሮፕላን አጸዳሁ። ከዚያ በሰሜን ለንደን አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ተቀባይ ሆኜ ገባሁ፤ ቲዩብ መቀበል፣ ቁጥር መለጠፍ፣ መደርደር። ደሞዙ ከሂትሮው ያንስ ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት «እሺ» አለች፤ ያቺን «እሺ» ያገባ ሰው ያውቃታል። እየሠራሁ እየተማርኩ ከዓመታት በኋላ ፈቃድ ያለኝ ባለሙያ ሆንኩ። ያኔ ነው ከብሪጅድ አጠገብ ያስቀመጡኝ።

ብሪጅድ ኪልበርን የምትኖር የአየርላንድ ሴት ነበረች፤ አጭር፣ ሁልጊዜ የሚንት ከረሜላ አፏ ውስጥ የምታገላብጥ። ደሙን የሚቆጥረው ማሽን ነው፤ የቆጠረው ሲያጠራጥር ግን ሰው አንዲት ጠብታ ወስዶ ስላይድ በሚባል ስስ መስተዋት ላይ ይቀባና በማይክሮስኮፕ ያያል። ያ የብሪጅድ ግዛት ነበር። ጠብታዋን ስላይዱ ዳር ታስቀምጥና በሌላ ስላይድ ጠርዝ፣ ዘመም አድርጋ፣ በአንድ ትንፋሽ ትገፋዋለች። ደሙ ከወፍራም ጀምሮ እየሳሳ ይሄድና ጫፉ ላይ እንደ ምላስ ያልቃል። እጅ ከተንቀጠቀጠ መሰላል መሰላል ይሠራል፤ የእኔ ለስድስት ወር መሰላል ነበር። ቀለም ውስጥ ከነከረችው በኋላ እንኳ ወደ ማይክሮስኮፑ አትሮጥም። መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ይዛ በባዶ ዓይኗ ታየዋለች፤ ከዚያ በትንሹ ሌንስ ሜዳውን ሁሉ ትዞረዋለች፤ ዘይት ጠብ አድርጋ ትልቁን ሌንስ የምታወርደው መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራት። የስላይዱን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክራ እንደጨረሰች፣ ቅዳጅ የወረቀት ፕላስተር አንሥታ የበሽተኛውን ስም ትሸፍነዋለች። አይታ፣ ያየችውን በእርሳስ ጽፋ ስታበቃ ብቻ ፕላስተሩን ትልጠዋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ስም ወሬ ያወራል» አለችኝ። «ሽማግሌ ነው፣ ልጅ ነው፣ ከዚህ አገር ነው፣ ከዚያ አገር ነው ይልሃል። አንተም የነገረህን ታያለህ። መጀመሪያ ደሙ ይናገር።» የአሮጊት አመል ነው ብዬ ናቅሁት። ግን ቁጣዋን ስለምፈራ እኔም መሸፈን ጀመርኩ፤ ኋላ እጄ ለመደው፤ እሷ ጡረታ ከወጣች በኋላም አልተውኩትም።

አሁን ወደ «የኛ ሰው ደም» ልምጣ። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉ አሉ፤ ተሕዋስያንን የሚዋጉ ናቸው። በብዙ ሐበሾች ደም ውስጥ ቁጥራቸው እዚህ አገር መደበኛ ከሚባለው በታች ነው። ሰውየው ምንም አይሆንም፤ ተፈጥሮው ነው። ድሮ ይህን የሚያውቅ ሐኪም ጥቂት ነበር። ስንቱ የኛ ሰው «ደምህ አነሰ» ተብሎ በከንቱ ሲመላለስ፣ መቅኔው ሲቀዳ፣ ቤተሰቡ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያንገበግበኝ ነበር። በየስብሰባው እየተነሣሁ ሰዉን እስካሰለች ጨቀጨቅሁ፤ በመጨረሻም ውጤቱ ላይ የምትጨመር አንዲት ዓረፍተ ነገር አስፈቀድኩ፤ «ይህ ቁጥር በምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ዘንድ የተለመደ ሊሆን ይችላል» የምትል። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራባት እሷ ነበረች።

ዝናዬ ቶተንሃም ደረሰ። እሑድ አምልኮ አልቆ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ሲቀዳ ሰዉ ስልኩን እያወጣ ይከበኛል። «ጋሽ ሙሉ፣ ይቺን ውጤቴን እስኪ ቼክ ያድርጉልኝ።» ጂፒያቸው፣ የሰፈር ሐኪማቸው ማለት ነው፣ ጋ ደውለው ግማሽ ቀን ስልክ ላይ ከሚጠብቁ እኔ እቀርባለሁ፤ ደግሞም የማወራው በአማርኛ ነው። መነጽሬን አውጥቼ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያው ዝቅ ያለ ኒውትሮፊል ነው። «የኛ ሰው ደም ነው፤ አትጨነቅ» እላለሁ። ይመርቁኛል፤ ሳምቡሳ ያቀርቡልኛል። «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ ዶክተር መባሉን እወደው ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ጡረታዬ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስክሪን ፊት ተቀምጬ ማሽኑ የቆጠራቸውን ቁጥሮች አጸድቅ ነበር። አለቃችን ሱዛን ስለ ፍጥነት ማውራት የማይሰለቻት ሴት ናት፤ የዘገየ ውጤት ግድግዳው ላይ በቀይ ይበራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ልተረጉምላት ሞክሬ ነበር፤ አልሣቀችም። ስላይድ ሲሆን ስሙ በፕላስተር ይሸፈናል፤ ስክሪን ላይ ግን ስሙ ከሁሉም በላይ በደማቁ ተጽፎ ነው የሚመጣው። የሐበሻ ስም መጣ። ኒውትሮፊሉ ዝቅ ያለ። «የኛ ሰው» አልኩ በልቤ፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር በአንድ ቁልፍ ጨመርኩ፣ አጸደቅኩ፣ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ስላይድ ይቀባ አላልኩም። ከኒውትሮፊሉ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ሞኖሳይት የሚባለው ሌላው ነጭ ሴል ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም ቀንሷል። እነዚህ ሁለቱ ከሐበሻነት ጋር ምንም አያገናኛቸውም። ብሪጅድ ብትሆን ከረሜላዋን ማገላበጥ ታቆም ነበር። እኔ ስሙን አይቼ ጨረስኩ።

ስሙ ደረጀ ነበር። በዚያ ሰዓት የትኛው ደረጀ እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም፤ ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ፣ ሻዩን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ነው። ደረጀ ሂትሮው ለአውሮፕላኖች ምግብ የሚጭን፣ አምሳዎቹን የጀመረ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር የሚደረድር ሰው ነው።

«ጋሽ ሙሉ፣ በጣም ይደክመኛል» አለኝ። «ጂፒው ደሜን ቼክ አስደርጎ ሎው ነው አለኝ። ሪፒት ይደረግ ብሎ ቡክ አድርጎልኛል፤ ግን ሺፍቴ ላይ ወደቀብኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አገኘኋት፤ የእኔዋ መሆኗን ሳይ ደስ አለኝ። ወደ ታች አልወረድኩም።

«የኛ ሰው ደም ነው። ድካሙ የሺፍቱ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ካንስል ላድርገው?»

ካንስል አድርግ አላልኩትም። «ምን ያደርግልሃል» ነው ያልኩት። አመስግኖኝ፣ ጽዋዬን ወስዶ ሻይ ጨምሮልኝ ሄደ።

ከአምስት ወር በኋላ ባልደረባዬ ኮፊ፣ ረጋ ያለ የጋና ሰው ነው፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ ጠራኝ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ስላይድ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አለን። «ና እየው፤ እኔ ያየሁትን አልነግርህም» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጥቂት ሴሎች ነበሩ፤ ጠርዛቸው ለስላሳ መሆን ሲገባው እንደ ተቦጨቀ ጥጥ ጸጉር ጸጉር ያወጣ። ሞኖሳይት ፈለግሁ፤ የለም። እንዲህ ያለ ደም በሥራ ዘመኔ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው፤ እያዘገመ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው፤ ስሙም ከዚያው ከሴሎቹ ጸጉር የተወሰደ።

«ጸጉራሞቹ ናቸው» አልኩ።

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት» አለ ኮፊ። ከባዱን በማወቃችን ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር፤ የላቦራቶሪ ሰው ክፉ አመል ነው። ከዚያ ኮፊ ፕላስተሩን ላጠው። ልማዱን ከእኔ ነበር የወሰደው።

ስሙን አነበብኩ። ደረጀ የዚያን ዕለት ጠዋት ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታላችን ገብቶ ነበር፤ ከእኛ ሦስት ፎቅ በላይ ተኝቷል።

ወደ ስክሪኑ ሄጄ ከአምስት ወር በፊት የነበረውን ውጤት አወጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒዩተር ከሁለቱም ይብሳል። ቁጥሮቹ እንዳሉ ነበሩ፤ ዓረፍተ ነገሯም አለች፤ ከሥሯ የስሜ የመጀመሪያ ፊደላት። ቀጥሎ ለድጋሚ ምርመራ የተያዘው ቀጠሮ፤ ፊት ለፊቱ «በሽተኛው ሰርዟል» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት።

ለሱዛን ነገርኳት። በሩን ዘጋች። ክፉ ሴት አይደለችም። የላቦራቶሪውን ስህተት እንዳለ ጻፈው፣ እኔም አብሬህ እፈርማለሁ አለችኝ። የሻዩን ወሬ ስጨምርላት ግን ብዕሯን አስቀመጠች።

«እሱን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ።»

«ሙሉ፣ እሱ የላቦራቶሪ ጉዳይ አይደለም። ከጻፍከው ፈቃድህን ሊወስዱብህ ይችላሉ። ለጡረታ ስንት ቀረህ?»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ ልተወው አስቤ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ። ግን ከተውኩት መዝገቡ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ተመለስ ብሎት ነበር፣ ሰውየው ራሱ ሰርዞ ቀረ። ነገ ጠበቃ ቢይዝ ጥፋቱ የራሱ ነው ይሉታል። ቢሞት ደግሞ ባለቤቱ ሰናይት ዕድሜዋን ሙሉ «ለምን ካንስል አደረግከው» እያለች መቃብሩን ትጠይቃለች፤ እኔ እሑድ እሑድ አጠገቧ ቆሜ እዘምራለሁ። ይህን አልችለውም አልኩ። ተመልሼ ገባሁና ሁለቱንም ጻፍኩት።

የደረጀ ሐኪም በሽታውን ለእሱና ለባለቤቱ ከነገረቻቸው በኋላ አስፈቅጄ ወደ ተኛበት ዋርድ ወጣሁ። ሰናይት በሩ ላይ አቅፋ ተቀበለችኝ፤ ልጸልይ የመጣሁ መስሏት ነው። ያ እቅፍ ከሁሉም በላይ ከበደኝ። ቆሜ ነገርኳቸው። ያን ውጤት ያሳለፍኩት እኔ መሆኔን፣ ስላይድ ማስቀባት ሲገባኝ ስሙን አይቼ መተዌን፣ ሻይ ላይ ያልኩትም ስህተት መሆኑን።

«እርስዎ?» አለች ሰናይት። «እኔ እኮ ሪፒቱ አይቅርብህ ብዬው ነበር። ‹ጋሽ ሙሉ አይተውታል፣ ከጂፒ ይበልጣሉ› ነው ያለኝ። እርስዎን አምነን!»

«አዎ፣ እኔን አምናችሁ ነው።»

«አምስት ወር ሙሉ! በየሳምንቱ ሲከሳ እያዩት!»

ደረጀ ከትራሱ ቀና ሳይል «ልሞት ነው?» አለኝ።

በዚያ አዳራሽ ስንት ዓመት መልስ ሳላጣ ኖሬያለሁ። «አላውቅም» አልኩት። «እኔ ዶክተር አይደለሁም። ዶክተሯ ይህ በሽታ በመድኃኒት ይሸነፋል ብላሃለች፤ እሷን ስማ። እኔን አትስማ።»

ፊቱን ወደ ባለቤቱ አዞረና «ሰኒ፣ ወንበር ስጫቸው» አላት። አልሰጠችኝም። ልክ ነበረች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ቆየሁና ወረድኩ።

ሳንባ ምቹ ሁለት ሳምንት አስጨነቀን። የደረጀን ናሙና እንዳልነካ ተከልክዬ ነበር፤ አግባብ ነው። ኮፊ አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቀውም፤ ፊቱን ግን በየጠዋቱ አነብ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀው የካንሰሩን መድኃኒት በየቀኑ ለአንድ ሳምንት በደም ሥሩ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ነገር የለም፤ ደሙ እስኪያንሰራራ መጠበቅ ነው። ያንን ጊዜ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቼ ነበር። ለብሪጅድ ደወልኩላት፤ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ሁሉንም ሰምታ፣ ከረሜላዋን ወዲህ ወዲያ አድርጋ፣ «ሙሉ፣ ስክሪን ላይስ ፕላስተር አይለጠፍም?» አለችኝ። በማግስቱ ለጠፍኩ። ሱዛን አይታ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

መድኃኒቱን ከጨረሰ በአራተኛው ወር አንድ እሑድ ደረጀ ከስቶ፣ ከረቫት አስሮ፣ መድረክ ላይ ወጣ። ሊመሰክር ነው። «ደሜ ተመልሷል» አለ፤ «ዶክተሯ በሽታው አይታይም ብላኛለች።» ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ተመስገን ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ የእኔን ስም አለማንሣቱን ያስተዋልኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሰናይት ኪልበርን ቢሮ ያለው ጠበቃ ይዛ ነበር። ደግ አደረገች። የእኔ ጽሑፍ ስለነበረ ነገሩ አልተጓተተም፤ ሆስፒታሉ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጻፈላቸው፣ «በሽተኛው ሰርዟል» በሚለው ሥርም ለምን እንደሰረዘ ተጨመረበት። እኔንም ፈቃድ የሚሰጠው አካል ጠርቶ መረመረኝ። ሥራዬን ልቀብር የምሄድ ስለመሰለኝ የለቅሶ ሱፌን ነበር የለበስኩት። ማስጠንቀቂያ ሰጡኝና አንድ ዓመት በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር እንድሠራ ወሰኑ። ተቆጣጣሪዬ ኮፊ ሆነ፤ ከውሳኔው በኋላ ሲያየኝ «አሁን ሻይ አንተ ታፈላለህ» አለኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገርም አልተሰረዘችም። ስላይድ ሳይታይ፣ የሰውየውም የቀድሞ ቁጥር ሳይመሳከር ማንም እንዳይጨምራት ተወሰነ። ለእሷም ደስ አለኝ፤ አሁንም ስንቱን ከከንቱ መመላለስ ታድናለች።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ውጤት ማየት አቆምኩ። ሰው ግን አመሉን በአንድ ቀን አይተውም፤ ስልኩን ያወጣል። ያኔ ከወዲያ ጥግ የሰናይት ድምፅ ይሰማል። «ጋሽ ሙሉ ውጤት አያዩም! ጂፒያችሁ ጋ ደውሉ። ቡክ ያደረጋችሁትንም ካንስል እንዳታደርጉ!» ይህን ስትል ወደ እኔ አታይም። ሰላም ትለኛለች፣ ከዚያ በላይ አትቀርበኝም። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ቆየን፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልጠበቅኩም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሁለተኛው ወር ነው። ሻዬን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ደረጀ ሰናይትን አስከትሎ መጣ። ወፍሯል። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«አላይም፤ ታውቃለህ» አልኩት።

«ዶክተሯ ጨርሳ ነግራኛለች፤ ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ይበቃሃል ብላኛለች» አለ። «እንዲወስኑልኝ አይደለም። እንዲያዩት ብቻ ነው።»

ሰናይትን አየኋት። አልከለከለችም።

መነጽሬን አወጣሁ። ወረቀቱን ስቀበል አውራ ጣቴ ራሷ ሄዳ ስሙ ላይ ተቀመጠች። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ፣ ምንም መስመር ሳልዘል። ፕሌትሌቱ ሙሉ ነው። ኒውትሮፊሉ እንደኛ ሰው ዝቅ ብሏል። ሁለት መስመር ወርጄ ሞኖሳይቱን አገኘሁት፤ አለ፤ በቦታው አለ። እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብኩ።

«እሺ፣ ምን ይላሉ?» አለ ደረጀ።

«የማን እንደሆነ አላውቅም» አልኩ። «ሰውየው ግን ደህና ነው።»

ደረጀ ሣቀ። ሰናይት አልሣቀችም። ዞር ብላ ከግድግዳው ሥር ወንበር ጎትታ አመጣችና ከኋላዬ አስቀመጠችው።

«ይቀመጡ እንግዲህ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።